ሜትር አይረገጥም

ልብስ ሰፊው ፓርኪንሰን የሚባለው በሽታ ከያዛቸው አራት ዓመት ሆኗቸዋል። የእጃቸውን መንቀጥቀጥ ችለውታል፤ ያልቻሉት በር ነው። ደህና ሲራመዱ ይቆዩና በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው ወለሉ ላይ ልጥፍ ይላል። ባለፈው ወር እግራቸው እንዲህ እንዳኮረፈ ደረታቸው ቀድሞ ሄደና ከመዝጊያው ጋር ተሳሳሙ። ግንባራቸው ተሰፋ። ስፌቱንም አልወደዱትም።

"ይሄን የመሰለ ጠማማ ስፌት እኔ ሱቅ ቢሠራ አስተረትረው ነበር" አሉት ሐኪሙን።

ሴት ልጃቸው አልሳቀችም። "አባዬ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። ከመኝታ ቤት እስከ ስፌት ክፍልህ ማንም ሳይይዝህ ከሄድክ እሰየው። ካልሆነ አንተንም እማዬንም ወደ እኔ ቤት እወስዳችኋለሁ። ለማሽንህ ግን ቦታ የለኝም።"

ማሽን የሌለበት ቤት! ሽማግሌው በዚያ ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም።

በማግስቱ ሐኪሙ የላካት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እቤት ድረስ መጣች። ወንበር ላይ አሥር ጊዜ ብድግ ቁጭ፣ ጠረጴዛ ይዞ ተረከዝ ማንሳት፣ በየበሩ ደግሞ፣ የተለጠፈ እግር የሚሻገረው መስመር ሲያገኝ ይነሳል ብላ፣ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፎ እሱን መሻገር አዘዘች።

"ፕላስተር? እኔ እያለሁ?" አሉና የልብስ ጠመኔያቸውን አወጡ። የልብስ መለኪያ ሜትራቸው እንደሆነ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። በሱቃቸው ሜትር የረገጠ ተለማማጅ የዚያን ቀን ሥራ አያገኝም ነበር፤ በጫጉላቸው ሰሞን ሚስታቸው ሳያዩ ቢረግጡት እንኳ ሦስት ቀን አኩርፈዋል። እርምጃቸውን ለኩ፣ ለስፌት የሚተርፍ ሁለት ሴንቲ ጨመሩ፣ ባለሙያዋን ጎንበስ አድርገው አሰመሯት። መታጠፊያው ላይ በነጠብጣብ "እዚህ ይታጠፋል" የሚል ምልክት አስደረጉ።

ብድግ ቁጭ የሚቆጥሩት ሚስታቸው ናቸው። "ስድስት፣ ሰባት... ሽንኩርቴ አረረ! አሥር!"

"ስምንትና ዘጠኝ የት ገቡ?"

"ሽንኩርት ሊያማስሉ።"

ዕድሜ ለጠመኔው፣ ዓርብ ሲደርስ ሰውየው በሮቹን ሁሉ እየተሻገሩ ይንጎራደዱ ጀመር።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ባዶ ሻንጣ ይዛ ከች አለች። ሰፊው ከመኝታ ቤት ወጡ፣ ኮሪደሩን አለፉ፣ ስፌት ክፍሉ በር ላይ ደረሱ። ወለሉ እንደ መስተዋት ያበራል። መስመር የሚባል ነገር የለም።

"መስመሬስ?"

ሚስታቸው አፋቸውን ያዙ። "ወይኔ! እንግዳ ይመጣል ብዬ ወልውዬው..."

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጠመኔው ያለው ከበሩ ማዶ ነው። እግራቸው ተለጠፈ፣ ደረታቸው ወደፊት ማዘንበል ጀመረ። ማሽናቸው በበሩ በኩል ይታያል።

"በቃ አባዬ" አለች ልጅቷ እጇን ዘርግታ።

"እንዳትነኪው!" አሉ እናቷ። ከባላቸው አንገት ላይ ሜትሩን መንጨቅ አደረጉና ደፉ ላይ ከጫፍ ጫፍ ዘረጉት።

"አንቺ ሴትዮ!" ሰፊው ጮኹ። "ሜትር መሬት ላይ? እግር ሥር?" በንዴት ጉልበታቸውን ከፍ አድርገው ተሻገሩት፤ ሁለተኛው እግርም ሳይለመን ተከተለ። "አርባ ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ ዛሬም ሜትር መሬት ትጥያለሽ? ምን ዓይነት..."

"ተሳደብ፣ ግን የት ቆመህ እንደምትሳደብ እይ" አሉ ሚስታቸው።

ሰውየው ዞር ሲሉ እጃቸው ማሽኑ ላይ ነው። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አላፈሩበትም።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ሜትሩን ከመሬት አነሳች፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ አባቷ አንገት ላይ መለሰችው። ሻንጣውን ልትይዝ ስትል ሰፊው ቀደሟት።

"ዚፑ ወልቋል። ተይው፣ እኔ እሰፋዋለሁ። ክሩን በመርፌው እናትሽ ታስገባልኛለች።"