አማቴ አላበሉኝም ተባለ

ለመውለድ ሆስፒታል ስገባ የያዝኩት ቦርሳ ቤቷን ዘግታ የምትሰደድ ሴት ያስመስለኝ ነበር። መብራት ቢጠፋ ብዬ ባትሪ፣ ውሃ ቢጠፋ ብዬ ውሃ፣ ፎጣው ቢጠፋ ብዬ ሌላ ፎጣ። መጥፎ በማሰብ ማንም አይቀድመኝም። ደም ሲፈሰኝ፣ እትብቱ ልጁ አንገት ላይ ሲጠመጠም፣ ሐኪሙ ሲጠፋ፣ ሁሉንም በሐሳቤ ኖሬ ጨርሼዋለሁ። ከሁሉ ይልቅ የፈራሁትን ግን ለሰው አልነገርኩም።

እሱን የነገረችኝ ልብስ ሰፊዋ የአክስቴ ልጅ ናት።

«ስታምጪ የሚወጣው ልጁ ብቻ እንዳይመስልሽ» አለችኝ። «ሆድሽ ውስጥ ያለው ሁሉ ነው። አልጋው ላይ፣ ሰው እያየሽ።» ክሩን በጥርሷ በጥሳ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ መንገድ ላይ ነው። እናቴ በሕይወት የለችም። ሳምጥ አጠገቤ የሚቆሙት አማቴ መሆናቸው ነው። አማቴ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፋብሪካ ካንቲን ውስጥ ያበሰሉ፣ ምድጃቸው ላይ የዘይት ጠብታ እንኳ የማይገኝ ሴት ናቸው። ሠራተኛው በስማቸው አይጠራቸውም፤ «ድገሙ» ነው የሚላቸው። ሳህኑን ይዞ ሳይደግም ከፊታቸው የሚሄድ ሰው ስላልነበረ ነው። እሳቸው ፊት አልጋ ላይ ከምጸዳዳ መሬት ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ባዶ ሆድ ምን ያወጣል? ምጡ ቀስ እያለ ከጀመረኝ ጠዋት አንስቶ ምግብ ተውኩ። አማቴ የዶሮ ሾርባ ያመጡልኛል፤ ዞር ሲሉ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ እደፋዋለሁ።

«በላሽ ልጄ?»

«በላሁ፣ እማዬ።»

«ድገሚ እንጂ።»

«ጠገብኩ።»

ባዶውን ሳህን አይተው ይሄዳሉ። በማግስቱ ጠዋት ያመጡልኝንም እንዲሁ ደፋሁትና ሆስፒታል ገባን።

ማዋለጃ ክፍሉ እንደፈራሁት አልነበረም፤ ይሄም ራሱ አስፈራኝ። አልጋዎቹ በመጋረጃ የተከለሉ ናቸው፣ አንሶላው ሥር ላስቲክ ተነጥፏል። አዋላጇ ወጣት ናት፤ ስታወራ እጇ ሥራውን አያቋርጥም። የደም ግፊቴን ለካች፣ ጓንት አጥልቃ መረመረችኝ፣ ሆዴ ላይ መሣሪያ አድርጋ የልጁን ልብ አሰማችኝ። እንደ ስፌት መኪና ይፈጥናል። «ደህና ነው፣ አይዞሽ እህቴ» አለችኝ። አላመንኳትም።

ወደ ምሳ ሰዓት ላይ ምጡ ደከመ፤ እጄ ቀዘቀዘ፣ ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር ይዞርብኝ ጀመር። ሐኪሙ መጥቶ አየኝና «ልጁ ደህና ነው፣ የደከመችው እናቲቱ ናት። እስክመለስ ለውጥ ከሌለ ኦፕሬሽን ክፍል ትግባ» ብሎ ሄደ። አዋላጇ ሽንቴን ተቀብላ መመርመሪያ ወረቀት ነከረችበት። አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ምን ቀምሰሻል?»

«በልቻለሁ።»

«መቼ?»

አንሶላውን ወደ አገጬ ሳብኩ።

«እህቴ፣ ሽንትሽ ላይ ያለው የረሃብ ምልክት ነው። የበላ ሰው እንዲህ አይሆንም።» ወደ አማቴ ዞረች። አማቴም ወደ እኔ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ አማቴ። «ምጥ የያዛት ሴት ባትበላ ይሻላል ብዬ የከለከልኳት።»

«እማማ፣ ይሄን ማን ነገርዎት? ተርባ በምን ጉልበቷ ታምጥ?»

«አላወቅሁም፣ ልጄ።»

«ባያውቁ አይጠይቁም? ይኸው በእርስዎ ምክንያት ሆዷ ሊቀደድ ነው።»

ከመጋረጃው ማዶ አንዲት አስታማሚ «አማት መሆናቸው እኮ ነው» አለች። ሌላዋ «ኧረ ዝም በይ፣ ይሰማሉ» አለቻት። ሰምተዋል። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወለሉን እያዩ ነበር።

ልናገር አፌን ስከፍት ምጡ መጣ። ካለፈልኝ በኋላ አዋላጇ ግሉኮሱን እየሰቀለች ነበር፤ ያኔ መናገር እችል ነበር። ከወለድኩ በኋላ እናገራለሁ አልኩ ለራሴ።

ግሉኮሱ ሲገባልኝና ስኳር የበዛበት ሻይ ስጠጣ ምጡ ነፍስ ዘራ። ሐኪሙ ተመልሶ «ይቀጥል» አለ። ከዚያ ያ የፈራሁት ነገር ታች ሲገፋኝ ተሰማኝ። ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት።

«አትያዢው» አለች አዋላጇ። «ሽንት ቤት መሄድ የፈለግሽ መሰለሽ አይደል? የልጁ ጭንቅላት ነው። ልቀቂው።»

«ሌላ ነገር ቢመጣስ?»

«ይምጣ። ጓንቱን ያደረግሁት ለጌጥ መሰለሽ?»

መጣም። ያ ሁሉ መራብ አላስቀረውም። አዋላጇ ወሬዋን ሳታቋርጥ በአንድ እጇ ጠረገችና ንጹሕ ጨርቅ አነጠፈች። አማቴ ግንባሬን እያበሱ ፊቴን ብቻ ነበር የሚያዩት። ትንሽ ቆይቶ ሴት ልጅ ወለድኩ። እርጥብና ትኩስ ሆና ደረቴ ላይ አስቀመጧት፤ ወረፋዋን እንደተቀማች ሴትዮ ጮኸችብን።

ወደ ወላዶች ክፍል ወሰዱን። ከጎኔ ያለችው ወላድ አማቴን ስታይ ብድግ ልትል ቃጣት።

«ድገሙ? እርስዎ ነዎት? ፋብሪካ እያለሁ ስንቴ አብልተውኛል።» ለእኔም «አንቺ ዕድለኛ፣ እንደ እሳቸው ያለ አማት ማን ያገኛል?» አለችኝ። አማቴ ሊስቁ ሞከሩ።

ተረኛ የሆነች ሌላ ነርስ ገባች፤ ድምፅዋ እስከ ኮሪደሩ ይሰማል።

«አስታማሚዎች፣ ስሙኝማ። ሴት ስታምጥ ቀለል ያለ ምግብ ትብላ፣ ትጠጣ። ዛሬ አንዲት አማት ምራቷን አስርባ አምጥታ ለቢላ ልትሰጣት ነበር።» ዓይኗ አልጋዬ ጋ ቆመ። «እርስዎ ነዎት አይደል፣ እማማ?»

ክፍሉ ሁሉ ዞረ። የፋብሪካዋ ሴት አማቴን አየቻቸው፤ ከዚያ ዓይኗን ሰበረች። አማቴ የሕፃኗን ጨርቅ እያጠፉ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ።

«አይደሉም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «እሳቸው አምጥተውልኛል። እኔ ነኝ የደፋሁት።»

«ለምን?»

አስጠልቶኝ ነው ብል ሁሉም ያምነኝ ነበር። አማቴም ተይው በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልጋው ላይ እንዳልጸዳዳ ፈርቼ» አልኩ። «እሳቸው ፊት።»

ነርሷ ወደ አልጋዬ ቀረበች። «ታዲያ፣ ቀረልሽ?»

«አልቀረልኝም።»

አንዷ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ «ኧረ አታስቁኝ፣ ስፌቴ ተበጠሰ» የምትልም ነበረች። ፊቴ ነደደ። ነርሷ ወደ አማቴ ሄዳ «ይቅርታ፣ እማማ» አለቻቸው። እሳቸው አልሳቁም። ወደ እኔ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

«የትናንቱን?»

«አዎ።»

«የዛሬውንም?»

«አዎ፣ እማዬ።»

ያጠፉትን ጨርቅ ፈትተው እንደገና ማጠፍ ጀመሩ። «ዕቃ ማጠቢያው ላይ ስቡን አይቼዋለሁ» አሉ። «ጨው በዝቶበት መስሎኝ ነበር። እጄ አርጅቷል አልኩ። እዚህ ሰው ፊት ሾርባቸው አልጣመኝም ከምትይ ብዬ ነው ‹እኔ ነኝ የከለከልኳት› ያልኩት።»

ጨዉ ልክ ነበር ልላቸው ፈለግሁ። ግን አልቀመስኩትም።