የተደፈነው ቀዳዳ

ማሞቂያው የሠራው አሥራ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ የሶላሩ ኢንቨርተር ጮኸ፤ አምፖሉም አብሮ ጠፋ። ዙለይሃ ከጅዳ በሻንጣ ያመጣችው፣ ከሐይቅ ከተማ እስከ አምባሰል ተራራ አናት በአህያ ያስጫነችው ማሞቂያ ቀስ እያለ ቀዘቀዘ።

ሶላሩን የተከለው ታሪኩ ባትሪውን በመዳፉ ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ።

"ነግሬሽ ነበር። ይኼ አምፖል ያበራል፣ ስልክ ይሞላል። ቤት ማሞቅ ግን አቅሙ አይደለም።"

"ሌላ ብንጨምርበትስ?"

"ጣሪያውን ሁሉ ብታለብሺው ሌሊቱን አያደርስሽም።"

አባቷ ኡስማን መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያዳምጣሉ።

"ያ ጣሪያ ላይ ያለው ሰሌዳ ጀርባውን ለቂብላ ሰጥቶ ተገትሮ፣ ምን እንዲሠራላችሁ ነው?" አሉ።

"ፀሐይ የሚያገኘው ወደ ደቡብ ሲዞር ነው፣ ጋሼ።"

ኡስማን ሊስቁ ሲሉ ሳላቸው ቀደማቸው።

ነገሩን ሁሉ ያመጣው ይኸው ሳል ነው። ውጫሌ ያያቸው ሐኪም ከጭስ ካልራቁ ደረታቸው ክረምቱን አይሻገርም ብሏል። የጥር ውርጭ ደግሞ ያለ እሳት አያሳድርም። አባትና ልጅ ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ ማሞቂያው ከሠራ ኡስማን ቤታቸው ይቆያሉ፤ ካልሠራ ገብሱንና ላሟን ለጎረቤት፣ የሚስታቸውን መቃብር ለአላህ ትተው ቅዳሜ ዙለይሃ ሐይቅ ወደተከራየችው ቤት ይወርዳሉ።

"እንግዲህ ያልኩትን ብያለሁ" አሉ ኡስማን። ተነሥተው መስገጃቸውን ጠቀለሉና በር ሥር ካለው ጓዝ ላይ ጫኑት።

ብርዱ ሲብስ ዙለይሃ ምድጃው ላይ እሳት አያያዘች። ጭሱ ቤቱን ሞላው። ታሪኩ ዓይኑን እያሻሸ በሩን በረገደው።

"ጋሼ፣ ጭሱ በየት ነው የሚወጣው?"

"በበሩ ነዋ።"

"በበሩማ ብርዱ እየገባ ነው።"

ዙለይሃ ከምድጃው በላይ ያለውን የድንጋይ ግድግዳ ቀና ብላ አየች። ልጅ ሳለች እዚያ ላይ ቀዳዳ ነበር፤ የጠዋት ፀሐይ በእሱ ገብታ እግሯ ሥር ታርፍ ነበር። ጥላሸቱን በመዳፏ ጠረገችው። ከሥሩ ድንጋይ ሳይሆን ጭቃ ወጣ።

"አባ፣ ይኼን ማን ደፈነው?"

"እኔ።"

"መቼ?"

"አምና፣ ታጣቂዎቹ ሸንተረሩ ላይ የከረሙ ጊዜ። እሳት ያዩበትን ቤት ይገቡበት ነበር። አንቺ ያለሽው ጅዳ፤ ምን ብዬ ልንገርሽ?"

"ከሄዱ እኮ ዓመት አለፋቸው።"

"እንደማይመለሱስ ማን ነገረኝ?"

ታሪኩ ባትሪውን የሚፈትሽ መሰለ። ዙለይሃ አይመለሱም ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን እሷስ በምን ታውቃለች?

"እሱን አላውቅም፣ አባ። የማውቀው ጭሱ እየገደለዎት መሆኑን ነው።"

ከበሩ ጀርባ ዶማውን አንሥታ መጣች። ኡስማን እጃቸውን ዘረጉ።

"አምጪው። የት ላይ እንደሚሳሳ እኔ ነኝ የማውቅ።"

በሦስተኛው ምት ጭቃው ወደ ውጭ ተንዶ ወደቀ። የከሰዓት ብርሃን ገባ፤ ጭሱም እንደተጠራ ሁሉ ወደዚያው ተሳበ።

"ነገ የላሜራ ቧንቧ አመጣለታለሁ፤ ነፋስ እንዳይመልሰው" አለ ታሪኩ ዕቃውን እየሰበሰበ። "ማሞቂያውን ምን ልታደርጊው ነው?"

"እሸጠዋለሁ። ሐይቅ መብራት አለ።"

"ሲመጣ ማለትሽ ነው።"

ኡስማን ዶማውን እንደያዙ ቀዳዳውን ያያሉ። "ሲመሽ ከታች ይታያል" አሉ።

"ይታይ።"

ዙለይሃ መስገጃውን ከጓዙ ላይ አንሥታ ፈታችውና ወደ ነበረበት ግድግዳ መልሳ ሰቀለችው። ማሞቂያውን ብብቷ ሥር ይዛ ታሪኩን ተከትላ ወጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ ጆሮዋን ጣለች። እሳቱ ይንጣጣል። ሳል የለም።

በሩን ዘጋችው።