ቀድሞ የተጠራው ባቡር

የሚያስገመግም ሆሆታ ተነሣና መሃል ላይ ቁርጥ አለ።

ጣቢያ ኃላፊው በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ። ከሐዲዱ ማዶ የሚታየው የኳስ ሜዳው ረጅም ግንብና ከላዩ የተጫነው ደመና ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ሲሠሩ አንድ ጨዋታ በዓይናቸው አላዩም፤ በጆሯቸው ግን ያመለጣቸው የለም። የሰፈሩ ቡድን ሲያገባ የመስኮቱ መስታወት ይርገፈገፋል፤ ሲገባበት ሜዳው ውሃ እንደተደፋበት ፍም ጭጭ ይላል።

ይህን መለየት ሥራቸው ነው። በጨዋታ ቀን አንድ ተጨማሪ ባቡር ሁለት ጣቢያ ርቆ የእሳቸውን ስልክ ይጠብቃል። ቡድኑ ሲያሸንፍ ሰዉ እየጨፈረ፣ እየተንቀራፈፈ ነው የሚወጣው። መጨረሻ ላይ ከገባበት ግን ፊሽካውን እንኳ ሳይጠብቅ ግር ብሎ ስለሚመጣ ባቡሩ ቀድሞ መድረስ አለበት።

«ሊያልቅ ሲል ገባበት» አሉና ስልኩን አነሡ።

«ኧረ ጋሼ፣ አያሟርቱ!» አለች ትኬት ቆራጯ። «ግቡ ላይ የቆመው እኮ ልጅዎ ነው።»

«ልጄ መሆኑን እኔ አጣሁት? እጁ ወንፊት ነው።»

«በዚች ምላስዎ አይደል ከቤት ያስወጡት?»

እውነቷን ነው። ዓምና፣ እንግዳ በተሰበሰበበት፣ «አንተን ከማቆም በሩን ባዶ መተው ይሻላል» ብለውት፣ ልጁ የዚያኑ ዕለት ልብሱን ሰብስቦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ደጃፋቸውን አልረገጠም። ባለፈው ሐሙስ ግን ደወለ፦ «አባዬ፣ ከጨዋታው በኋላ ጣቢያው ላይ ጠብቀኝ። አብረን ወደ ቤት እንገባለን።» እናቱ ከንጋት ጀምራ ቤት ስታጸዳ ዋለች። እሳቸውም ለማንም ሳይናገሩ ጫማቸውን ሁለቴ ቀብተዋል።

«መንገዱ ሩብ ሰዓት ነው» አሉ፣ ስልኩ እስኪነሣ። «ምን እያወራን እንሄዳለን?»

«ስለ ዝናብ ያውሩ። ስለ እጁ ብቻ እንዳያነሡ።»

«ባቡሩን ልቀቀው» አሉ ለወዲያኛው ጣቢያ።

«ትንሽ ቢጠብቁስ?» አለች ትኬት ቆራጯ።

«ዝምታውን አትሰሚም? ቀብር ላይ እንኳ ሰው እንዲህ ዝም አይልም።»

ስልኩን ከዘጉ ደቂቃ አልሞላም። ሜዳው በአንድ ጊዜ ጮኸ፤ መስታወቱ ቀርቶ የጠረጴዛው መሳቢያ ተንቀጠቀጠ። ከጩኸቱ ውስጥ አንድ ቃል እየጠራ መጣ፦ «ካዝናው! ካዝናው!» ደጋፊው ለግብ ጠባቂው ያወጣለት ስም ነው።

«ፍጹም ቅጣት ምት ነበር!» ትኬት ቆራጯ ብድግ አለች። «ሰዉ ትንፋሹን ይዞ ነው ዝም ያለው። አዳነው፣ ጋሼ!»

ኃላፊው መልሰው ደወሉ። ባቡሩ ተነሥቷል። ከኋላው መደበኛው ባቡር ስላለ ከሦስት ደቂቃ በላይ አይቆምም። መጣ፤ በሮቹ ተከፈቱ፤ ማንም አልገባም፤ ተዘጉ። ባዶ ወንበሮቹን ደርድሮ በግንቡ ሥር አለፈ።

ጨዋታው ሲያልቅ ሰዉ እየዘፈነ ጣቢያውን ሞላው። ግብ ጠባቂው መሃላቸው ነበር፤ ቦርሳ በትከሻው፣ ግንባሩ ላይ ፕላስተር። ከሩቅ አባቱን አይቶ እጁን አነሣ። ኃላፊውም አነሡ።

«ባቡሩስ?» አለ አንዱ።

«ሄዷላ!» አለ ከበሮ መቺው፤ በየጨዋታው የሚመጣ፣ የጣቢያውን አሠራር ጠንቅቆ የሚያውቅ። «ኳሷ ገና የቅጣት ምት ነጥቧ ላይ እያለች ነው ጋሼ የጠሩት! እኛ ከላይኛው ረድፍ ባዶውን ሲያልፍ ስናየው፣ አይ፣ አባት ልጁን ከነነፍሱ ቀበረው አልን!»

ጣቢያው በሳቅ አውካካ። ግብ ጠባቂውም ፈገግ ብሎ ነበር፤ ፈገግታው ፊቱ ላይ ቆይቶ ቆይቶ ደረቀ። ሰዉን እየገፋ አባቱ ፊት ቆመ።

«እውነት ነው?»

«ሜዳው ዝም ሲል ጊዜ...» አሉ ኃላፊው። «ሥራ ነው ልጄ። ሰው እንዳይገፋፋ ብዬ...»

«እማዬ ደኅና ናት?»

«እየጠበቀችህ ነው። ከሥራ እስክወጣ አሥር ደቂቃ ቀርቶኛል። አሥር ደቂቃ ብቻ።»

በማዶው መስመር፣ ከቤታቸው በተቃራኒ የሚሄደው ባቡር እየገባ ነበር። ልጁ የአባቱን ኮሌታ በሁለት ጣቱ አስተካከለላቸው። ከዚያ ቦርሳውን ወደ ላይ ሳብ አደረገና የመሻገሪያውን ድልድይ ወጣ፣ ወረደ፣ የመጨረሻው ፉርጎ ውስጥ ገባ። በሩ ተዘጋ።