ከመጨረሻዋ ብልጭታ በኋላ አንድ ሰዓት

ምላሴ ረጅም መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባሌ ደግሞ ዝምተኛ ነው። እሱ ብረት ይበይዳል፣ እኔ መጋረጃ እሰፋለሁ፤ ከስፌት መኪናዬና ከኔ አፍ በቀር ቤታችን ውስጥ ድምፅ የለም። የብየዳ መነጽሩን ከግንባሩ ስለማያወርድ ሰዉ «መነጽሩ» ይለዋል። እኔም ስናደድ እንደዚያው ነው የምለው።

በዚያ በጋ ግን ያልተናደደ ሰው አልነበረም። ዝናብ ጠብ ካለ አምስት ወር አልፏል። ከተማችን ተራራው ሥር ናት፤ ተራራው እስከ አናቱ ጥድ ነው፤ ጥዱ ደግሞ ከላይ አረንጓዴ ይምሰል እንጂ ከሥሩ የደረቀ ቅጠል እስከ ቁርጭምጭሚት ተነጥፎበታል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ሽቅብ ያያል። ጭስ ነው ስንል አቧራ ይሆናል፣ አቧራ ነው ብለን ስንቀመጥ ደግሞ አንዱ «ኧረ ጭስ ነው!» ይላል። በቀን ሃያ ጊዜ ልቤ ድው ይላል።

የኔ ደግሞ ይብሳል። ልጄ እሳት አደጋ ነው የሚሠራው፤ ያለኝም እሱ ብቻ ነው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ? እንቅልፍ አልነበረኝም።

አባቱ ወርክሾፕ በር ላይ የእሳት ጥንቃቄ ማስታወቂያ የለጠፈው ራሱ ልጄ ነው። ውጭ የሚበየድ ካለ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ይለቅ፤ ዙሪያው በውሃ ይራስ፤ ከመጨረሻዋ ብልጭታ በኋላ በያጁ አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያው ቆሞ ይጠብቅ። «ሥራ ጨርሶ ቆሞ መሬት ማየት! ደመወዝ አለው?» ብዬ ስቄበት ነበር። «እማዬ፣ ብልጭታ ቅጠል ሥር ገብታ ትተኛለች» አለኝ ሳይስቅ። «ጭስ የላት፣ ሽታ የላት። ሰው ሲሄድላት ነው የምትነሳው።»

ማክሰኞ ዕለት ባሌ በማለዳ ቲቸር ቤት ወጣ። ቲቸር ጡረታ የወጡ ሴት አስተማሪ ናቸው። ልጄን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ተራራው ወገብ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። የውሃ ታንከራቸው የቆመበት ብረት አንድ እግሩ ተሰብሮ፣ ታንከሩ ከጓሮ ወዳለው ሸለቆ አዘንብሎ ነበር።

እኔ ታች ቦቴ እጠብቃለሁ። ቧንቧችን ከደረቀ ቆይቷል፤ የውሃ ቦቴ በስምንት ቀን አንዴ ይመጣል፣ ግማሽ ሰዓት ይቆማል፣ ይሄዳል። ያልቀዳ አልቀዳም። ሁልጊዜ የሚመጣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ፣ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ጡሩንባውን ነፋ። ስምንት ጀሪካን እየጎተትኩ ወረድኩና ለባሌ ደወልኩ።

«ቶሎ ውረድ፣ ቦቴው መጥቷል!»

«ከጨረስኩ ሃያ ደቂቃዬ ነው። ሰዓቱን ልጠብቅ እንጂ።»

«ስንት ቀረህ?»

«አርባ ደቂቃ።»

«አርባ ደቂቃ! ወገቤን እያወቅክ? ስምንት ጀሪካን በጥርሴ ነክሼ ላውጣው?»

ዘጋሁበት። እንደገና ደወልኩ፣ ያንኑ አለኝ። በሦስተኛው «የሰው ታንከር ስታቃና የራስህ ቤት በጥም ይለቅ! ባል ነኝ ትላለህ ደግሞ!» አልኩት። ጎረቤቶቼ ወረፋው ላይ ሆነው ይሰማሉ፤ እንዲያውም ለእነሱ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌው ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በመጨረሻ «እሺ፣ መጣሁ» አለ።

በሞተር ሳይክሉ በአሥር ደቂቃ ደረሰ። ስምንቱንም ጀሪካን ሦስት ፎቅ አወጣልኝ። ላቡን ሲጠርግ «ቅጠሉን አርሰኸዋል አይደል?» አልኩት።

«አርሼዋለሁ።»

«እንግዲህ ምን ይሆናል» አልኩ።

ምሳ አቀረብኩ። ሁለቴ ጎረሰና ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። ተመልሶ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳ። «ብላ እንጂ፣ ተራራው አይሸሽህም» ብዬ ቀለድኩ፤ ቀልዱ ለራሴም አልጣመኝም። ነፋሱ ተነስቶ ነበር። የተሰቀሉት መጋረጃዎች ሁሉ ወደ ውስጥ እየተነፉ ይገቡ ጀመር። ለቲቸር ደወለ፣ አያነሱም። ስልካቸውን ቤት ጥለው ጓሮ መዋል ልማዳቸው ነው። ደግሞ ደወለ፣ አያነሱም። «አይቼው ልምጣ» ብሎ የሞተሩን ቁልፍ ሲያነሳ የእሳት አደጋው ጡሩንባ ጮኸ።

ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ሮጥን። ጭሱ ከተራራው ወገብ ላይ ወጥቶ በነፋሱ ተጋድሟል። ከቲቸር ቤት ይሁን ከመኪና መንገዱ፣ ከታች ሆኖ መለየት አይቻልም። ቀዩ መኪና በእኛ መንገድ ሽቅብ በረረ። ልጄ የቱ ጋ እንደተቀመጠ እንኳ አላየሁትም። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም።

ታች ባለሱቁ ወጥቶ ይጮሃል። «ከመኪና መንገዱ ነው የተነሳው! ሾፌር ሲጋራ ጥሎ ነው አሉ!»

ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር እንጂ፣ ልጄ እሳት ውስጥ ሊገባ እየሄደ እኔ ደስ አለኝ። «ሰማህ? ከመንገዱ ነው! ተመስገን በል!» ብዬ ትከሻውን ነቀነቅኩት።

እሱ ፊቱ አመድ መስሏል። «ከመንገዱ ነው ብለው ካመኑ በሸለቆው ነው የሚገቡት» አለ። «ከጀርባ ዞረው ሊቀድሙት። የሸለቆው መንገድ ከታንከሩ በላይ ነው ያለው። የኔ ብልጭታ ከሆነች ግን እሳቱ ያለው ሸለቆው ሥር ነው። እነሱ ከላይ፣ እሳቱ ከታች።»

እሳት ሽቅብ እንደሚሮጥ ለበያጅ ሚስት አይነገራትም።

«ብንናገር ፈቃድህን ይነጥቁሃል» አልኩት። «ያስሩሃል።»

«ያስሩኝ» ብሎ ለእሳት አደጋ ደወለ። ሲያነሱለት ግን ድምፁ እምቢ አለ። «እኔ... ታንከሩ... እኔ ነኝ...» ይላል፣ ከዚያ አያልፍም። ሠላሳ ዓመት ዝም ያለ ሰው በአንድ ቀን ከየት ያምጣው? ስልኩን ነጠቅኩት።

«እህቴ፣ እሳቱ ከመንገዱ አይደለም» አልኳት ያነሳችውን ልጅ። «ከቲቸር ጓሮ፣ ከውሃ ታንከሩ ሥር ወደ ሸለቆው ነው። ባሌ ጠዋት እዚያ ብየዳ ሠርቷል። ሰዓቱን ሳይጨርስ ወርዷል። ያስወረድኩት እኔ ነኝ። ልጆቹን ከሸለቆው አስወጪያቸው!»

«በዓይናችሁ አይታችኋል?»

«አላየንም። ውሸት ከሆነ እኔን እሰሪኝ፤ እነሱን ግን አሁኑኑ አስወጪያቸው! በሞትኩት!»

ስማችንን ጠየቀች፣ ነገርኳት። ከዚያ በሬዲዮ ስትጣራ ሰማሁ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የሚመልስላት አልሰማሁም። መስመሩ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት ልንገራችሁ? እጄን የማደርግበት ሳጣ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ አንድ ሙሉ መጋረጃ ሰፋሁ፤ ሳየው መርፌው ክር የለውም። ጭሱ ጠቆረ፣ ፀሐይዋን ጋረዳት። መቻል ሲያቅተኝ በባሌ ላይ ጮህኩ። «ለምን እሺ አልከኝ? አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ 'ዝም በይ አንቺ ሴት' ብትለኝ ምን ነበር! ማን አባቱ ውረድ አለህ?» ውረድ ያልኩትማ እኔ ነኝ። እሱ መስኮቱን እንደያዘ ቆሟል።

ሊመሽ ሲል በሩ ተንኳኳ። ልጄ ነው! ፊቱ ጥላሸት፣ ቅንድቡ ተለብልቦ፣ ቲቸርን በክንዳቸው ደግፎ ቆሟል። ደረቱን በቡጢ መታሁት፣ መልሼ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፣ አለቀስኩ።

«ሃምሳ እርምጃ ገብተን ነበር» አለ። «በሬዲዮ ተመለሱ አሉን። ወጥተን መንገዱን ስንረግጥ ሸለቆው በሙሉ ቦግ አለ።» ማን እንደደወለ ነግረውት እንደሆነ ጠየቅኩት። «ነግረውኛል» አለ፤ ወደ አባቱ አላየም። «ቃላችሁን የሚቀበል ሰው ሊልኩ ነበር። እኔ ልሂድ ብዬ ነው።» ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

ቲቸር ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከቤታቸው የተረፈው የለበሱት ቀሚስና አንድ እግር ነጠላ ጫማ ነው። እግራቸው ሥር ወደቅኩ። «ቲቸር፣ ይቅር ይበሉኝ። ይጠብቅ የነበረውን ሰው ጮሄ ያስወረድኩት እኔ ነኝ። ቤትዎን ያቃጠለው የኔ ምላስ ነው።»

«ተነሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ድምፃቸው ጭስ ጠጥቶ ተዘግቷል። «ባልሽ አልነገረሽም? አልወርድም ብሎኝ ነበር እኮ። ሂድ ውሃህን ቅዳ፣ እኔ እጠብቅልሃለሁ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። ወንበር አውጥቼ ታንከሩ ሥር ተቀመጥኩ። ሙቀቱ ነው መሰለኝ፣ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ጭሱ ሲቀሰቅሰኝ ከታንከሩ በታች ሸለቆው ሥር ይነድ ነበር።»

ወደ ባሌ ዞርኩ። ቀኑን ሙሉ ስሰድበው ይህችን አልተነፈሰም። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ በስልኩ ትናገሪዋለሽ» አለ። «ቤታቸው ተቃጥሎ ጥፋቱም የሳቸው ይሁን?»

መናገሩንስ እናገረው ነበር። አፌን ያውቀዋል።

ልጄ ወረቀቱን መልሶ አጠፈው። «እኔ ይህን አልሰማሁም» አለ ቀስ ብሎ። «ቲቸር፣ እርስዎ ዛሬ ይረፉ።»

«ዘርጋው» አሉት። እዚያ የተቀመጡት የከሰሉ አሮጊት አልነበሩም፤ ክፍል ውስጥ የቆሙ አስተማሪ ነበሩ። «ያስተማርኩህ እኮ እኔ ነኝ። የሆነውን እንደሆነ ጻፍ።»

ብዕሩን አነሳ። ጣቶቹ ስለተቃጠሉ አጥብቆ መያዝ አልቻለም። ሦስታችንንም አየን፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ መጀመሪያ የአባቱን ስም ጻፈ።