የት ነው የምትወርጂው?

ሱጋንዳ ዳዳር ባቡር ጣቢያ ላይ የእናቷን እጅ ጎተት አደረገች። «እማ፣ ይቅርብን፤ በእግራችን እንሂድ።»

«ታኔ ድረስ በእግር? አበድሽ እንዴ!» አለች ራክማ፣ ባዶውን የዓሣ ቅርጫት ብብቷ ሥር ወትፋ።

ትናንት በዕቃው ፉርጎ ውስጥ አንድ ወንድ ግፊያውን ተገን አድርጎ ልጅቷን ሲዳብሳት መንገዱ አለቀ። ዓሣ ሻጮች ከዕቃና ከወንድ ጋር ነው የሚጫኑት፤ ሲኖር የኖረው እንዲህ ነው። ሱጋንዳ «ከእንግዲህ ገበያ አልወጣም» ብላ ስታለቅስ አመሸች። ራክማ በዚያ ፉርጎ ሃያ ሁለት ዓመት ስትመላለስ ስንቱን እጅ ችላ ዝም ብላለች። በልጇ ሲመጣ ግን የራሷ ዝምታ አንገበገባት።

ባቡሩ መጥቶ ሲቆም ልጇን እየገፋች ለሴቶች ብቻ የተለየው ፉርጎ ውስጥ ገባች።

«ኧረ ሽታው!» አለች ናሊኒ። ናሊኒ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ከሥራ ስትመለስ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ለራት አተር ትፈለፍላለች፣ በፉርጎውም እንደ ጓዳዋ ታዝዝበታለች። «እትዬ፣ የእናንተ በዚያ በኩል ነው።»

«ቅርጫቴ ታጥቧል፣ ትኬቴም ተቆርጧል። የልጄም ስም ሱጋንዳ ነው፤ መልካም መዓዛ! ሌላ ምን ጎደለን? ይልቅ አንቺ የት ነው የምትወርጂው?»

በዚህ መስመር እንዲህ ብላ የምትጠይቅ ወንበር ፈልጋ ነው። መልስ የሰጠች ደግሞ ስትወርድ መቀመጫዋን ለጠያቂዋ ሰጠች ማለት ነው። ናሊኒ አተሯን መፈልፈል ቀጠለች። ሌሎቹም ስልካቸው ላይ አቀረቀሩ። አይ ሴቶች! እሑድ እሑድ ዓሣውን ተሻምተው የሚገዙት እነሱው ናቸው እኮ።

በሚቀጥለው ጣቢያ አንዷ ጥበቃ ጠራች። ሰውየው ቆመጡን ይዞ ዘው አለ። «ውረዱ! የዕቃው ፉርጎ ለማን መሰላችሁ?»

ራክማ ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«አልወርድም! ትናንት እዚያ አንድ ባለጌ ልጄን ሲዳብሳት ነበር። ሰማችሁ? እናንተ የጠላችሁት ሽታ እሱን ምንም አላለውም!»

ሱጋንዳ ፊቷን በልብሷ ጫፍ ሸፈነች። ናሊኒ የያዘችው አተር ከጣቷ አምልጦ ወደቀ። እሷም አንድ ቀን፣ አንድ ባቡር ላይ፣ ለማንም ያልነገረችው ነገር ደርሶባታል።

ጥበቃው የራክማን ክንድ ሊይዝ ጎንበስ ሲል ናሊኒ ብድግ አለች። «አንተ! ፉርጎው የሴቶች ነው። በሩ ላይ የተጻፈው አይታይህም? ውረድ!»

«እናንተው አይደላችሁ እንዴ የጠራችሁኝ?»

«ውረድ አልኩህ!»

«ውረድ! ውረድ!» ሌሎቹም ተቀበሏት። ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ሰውየው እያጉረመረመ ዘሎ ወረደ።

ናሊኒ ተመልሳ ተቀመጠችና ሱጋንዳን ቀና ብላ አየቻት። «ሙሉንድ ነው የምወርደው» አለቻት ቀስ ብላ።

ራክማ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ሳቀች። «ሙሉንድ? እኛ እኮ የምንወርደው ከሱ ቀጥሎ ታኔ ነው! ለአንዲት ጣቢያ ነው ወንበር የምትሰጪን? አሁኑኑ ጠጋ በይ!»

ናሊኒ የአተሩን ሳህን አንስታ ጠጋ አለች።