ካልሞቀ የማይዝ ፍሬን

የመኪናዋ ሞተር ሲነሳ ናጅዋ ለለቀስተኛው ውኃ እያዞረች ነበር። ድምፁን ታውቀዋለች። የሟች ወንድሟ የዓሪፍ መኪና ናት። ጆጉን አስቀምጣ ከድንኳኑ ስትወጣ አጎቷ አብዱልሐሊም መሪውን ይዘዋል፤ እናቷ ዘይነባ አጠገባቸው ተቀምጣለች።

«ወዴት ነው?»

«ውርጌሳ» አለች እናቷ። «እህቴ የአልጋ ቁራኛ ሆና መርዶውን በስልክ ትስማ? እሷ አይደለች እንዴ ያሳደገችው!»

ናጅዋ «በዚህች አትሂዱ» ልትል ፈለገች። መናገር ማለት ዓሪፍ የደበቀውን ሁሉ በለቅሶው ላይ፣ በአጎቱ ፊት ማውጣት ነው። እሷ ስታመነታ መኪናዋ የመርሳን አስፋልት ያዘች። ያኔ ከፊታቸው ያለው ቁልቁለት ትዝ አላት።

ዓሪፍን የገደለው ትኩሳት እንጂ መኪና አይደለም። ለመኪናዋ ግን ነፍሱን ይሰጥ ነበር። እናቱ ገበያ የሄደ ሲመስላት እሱ ሐራ ሜዳ ላይ አሮጌ ጎማ ደርድሮ፣ በመሃል በመሃሉ እየተጠማዘዘ ከጓደኞቹ ጋር ይወዳደራል። ክብደት እንዲቀንስ የኋላ ወንበሩን ነቅሎ አውጥቷል፤ ለእናቱ «ለዕቃ መጫኛ ነው» ብሏታል። የወልድያው መካኒክ ናሆም ደግሞ የውድድር የፍሬን ሸራ ገጠመለት። በማግስቱ ዓሪፍ ናጅዋን መሪ አስይዞ፣ «እንደሌላው እንዳይመስልሽ፤ ይኼ ካልሞቀ አይዝም። መጀመሪያ ደጋግመሽ እየረገጥሽ አሙቂው» አላት። ስትፈራ እንዴት እንደሳቀባት!

ናሆም ድንኳኑ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ስትነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። አጎቷ ጋ ደወለ፤ ስልኩ እዚያው ምንጣፉ ላይ ጮኸ።

ባጃጅ ይዘው ወጡ።

«በሞቴ ፍጠን!» አለች ናጅዋ ሹፌሩን፤ ወዲያው ከአፏ የወጣው ቃል ራሷን አስደነገጣት። ያ ረቢ፣ እናቴን እንኳ ተውልኝ። መታጠፊያ በመጣ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ጨፍና መቆየት ደግሞ ይብስባታል።

ቁልቁለቱ ሥር መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ አፍንጫዋን የአፈር ክምር ላይ ተክላ ቆማለች። እናቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከልብሷ አቧራ ታራግፋለች። ናጅዋ ከባጃጁ ወርዳ እናቷ እግር ሥር ዘጭ አለች።

«ብረግጠው ብረግጠው እምቢ አለኝ!» አሉ አጎቷ።

እናቷ ወደ መኪናዋ አየች፤ ከዚያ ወደ ናጅዋ። «ልጄ በዚህች ምን ይሠራ ነበር?»

«ይወዳደር ነበር፣ እማ። እንዳትፈሪ ብሎ ነው የደበቀሽ።»

ዘይነባ ቀና አለች። «ያሸንፍ ነበር?»

«አንዴ አሸንፏል።»

«እሰይ» አለችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ናሆም ሊገፋ ከፊት ቆመ፤ ናጅዋ መሪ ልትይዝ ገባች። አጎቷ አጭር ናቸውና ወንበሩን ወደ ፊት ስበውት ኖሯል። እጇን ከሥሩ ሰዳ፣ ዓሪፍ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ እስኪደርስ ወደ ኋላ ገፋችው። እግሯ ፍሬኑ ላይ አልደረሰም። ናሆም ሁለቴ ቢጠራትም ወንበሩን መልሳ አልሳበችውም።