ያለፋት ጽዋ

አቶ ገብረወልድ በድሬዳዋ የምድር ባቡር ጋራዥ ሠላሳ አንድ ዓመት ብረት ሲያቀኑ የኖሩ ሰው ናቸው። የጎበጠ ነገር ሲያዩ እጃቸው ዝም አይልም። የጎረቤት በር ቢያጋድል፣ የቤተ ክርስቲያን መቅረዝ ቢወላገድ፣ ሳይጠሩ መዶሻቸውን ይዘው ከተፍ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በገዛ እጃቸው ያበላሹት አንድ ነገር ግን እምቢ ብሏቸዋል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእርሳቸው ጥፋት እንኳ የአፍ አልነበረም፣ የእጅ ነበር። የእጅ ወለምታ በደንቡ ይታሻል፤ ይኼኛው ግን ሳይታሽ ውሎ አደረ።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ እፀገነት የምትባል። እናቷ ወለተ ጊዮርጊስ ያረፈችው ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት ስለነበር፣ ጠጉሯን እስከመሥራት ድረስ ያሳደጓት እርሳቸው ናቸው። ጉንጉኑ የባቡር ሐዲድ ይመስል ነበር እያሉ ጎረቤቶቻቸው እስከ ዛሬ ይስቁባቸዋል። ዩኒቨርሲቲ ገብታ አርኪዮሎጂ ስትማር፣ ትምህርቱ ምን እንደሆነ በቅጡ ባይገባቸውም፣ «ልጄ ድንጋይ ታናግራለች» እያሉ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ላገኙት ሁሉ ያወሩ ነበር።

ተመርቃ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ጥንታዊ ስፍራ፣ ሐርላ ቁፋሮ ላይ ስትቀጠርማ ኩራታቸው ልክ አጣ። የሐርላን ፍርስራሽ የሠሩት ግዙፍ ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ብቻውን ቤት የሚያህል ድንጋይ ያነሣ ነበር እየተባለ በአካባቢው ሲተረት ኖሯል። እፀገነት ከባልደረቦቿ ጋር መቃብር ለክታ፣ ሰዎቹ እንደ እኔና እንደ እናንተ ናቸው ብላ ስትመጣ አቶ ገብረወልድ በሳቅ ፈረሱ። በማግስቱ ባለሱቁ ሳላሕ ዘንድ ሄደው «ግዙፎችህን ልጄ በሜትር ለካችልህ!» አሉት። ሳላሕ ክፉ አይወጣውም። «አቦ ጋሽ ገብሬ፣ ተረቱ ግን ያምር ነበር» አለና ስኳሩን መመዘኑን ቀጠለ። የሰው ታሪክ ሲፈርስ ቆሞ ማየት ደስ ይላል፤ አካፋው ወደ ራስ ግቢ እስኪዞር ድረስ ነው እንጂ።

አቶ ገብረወልድ የሰፈሩ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም አለቃ ናቸው። በየወሩ በአሥራ ስድስት አባላቱ በተራ በየቤታቸው ይሰበሰባሉ። ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ከዚያ ጽዋው ከሙሴው እጅ ተነሥቶ በቤቱ ላለ ሰው ሁሉ ይዞራል። የተጣላ ካለ ታርቆ ይቀምሳል፣ መንገደኛ ቢገኝ እንኳ አይታለፍም። ጽዋ ሰውን ዘሎ ሄደ ማለት ያንን ሰው በአደባባይ ከወገን መቁረጥ ነው። በዚያ ማኅበር ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር የተደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ዕለቱ የየካቲት ኪዳነ ምሕረት፣ ዓመታዊው በዓል ነበር፤ ተራውም የአቶ ገብረወልድ። ሳሎኑ ጢም ብሏል፣ ማራገቢያው ሙቀቱን ከማዞር በቀር የፈየደው ነገር የለም። ጸሎቱ አልቆ ጽዋው ሊነሣ ሲል፣ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ሽመክት ስልኩን አወጣ። ሽመክት ጡረታ ከወጣ ወዲህ የዓለም ወሬ ሁሉ በእርሱ ስልክ ነው የሚያልፈው።

«ይህን አይታችሁልኛል?» አለ።

ቪዲዮው «የኢየሱስ መቃብር ከነአፅሙ ተገኘ» ይላል። አቧራ የለበሰ የድንጋይ ሣጥንና ሣጥኑ ላይ የተጫረ ስም ያሳያል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሴቶቹ አማተቡ።

«ባለሙያዋ እዚሁ አለች አይደል? እሷ ትንገረና!» አለ ሽመክት፣ እንግዳ ስታስተናግድ ወደነበረችው ወደ እፀገነት እየዞረ።

እፀገነት ስልኩን ተቀብላ አየችና ፈገግ አለች። «ይኼ የቆየ ወሬ ነው። በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር፣ ኢየሱስ የሚባል ሰው ብዙ ነበር፤ ዮሴፍም ማርያምም እንዲሁ። ስም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።»

ቤቱ ተነፈሰ። በዚያው ቢበቃ ምን ነበረበት! ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ አቶ ገብረወልድ ልጃቸው በሰው ፊት ምስክርነቱን ጥርት አድርጋ እንድትሰጥላቸው ፈለጉ።

«እንግዲያው ንገሪያቸዋ» አሉ። «ቢቆፈር ቢቆፈር አፅሙ አይገኝም፣ ትምህርቴም ይህን ያረጋግጣል በይ።»

«አባዬ፣ ትምህርቴ እንደዚያ ማለት አይችልም።»

«እንዴት ነው የማይችለው?»

«ቁፋሮ ያገኘውን ይናገራል እንጂ፣ ወደፊት ስለማይገኘው ነገር አይምልም። ጌታ መነሣቱን እኔ በብሩሽ ጠርጌ አይደለም ያገኘሁት።»

«እሺ ቢገኝስ?» አለ ሽመክት፤ ነገር መቆስቆስ ይወዳል። «እንበል እውነትም የእርሱ ሆኖ ተገኘ። ምን ይውጠናል?»

እዚህ ላይ ዋሸት አድርጋ ብታልፍ ማን ይፈርድባት ነበር? ግን ውሸት ሳያስተምሩ ያሳደጓት እርሳቸው ናቸው። እፀገነት «የእምነታችን ቤት ምሰሶ ትንሣኤው አይደል?» አለች። «ምሰሶው ከተነቀለ ቤቱ ቆሟል ብዬ አልዋሻችሁም። እኔ ግን...»

አላስጨረሷትም። አቶ ገብረወልድ ብድግ አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ጽዋውን አነሡ፣ ለቄሱ ሰጡ፣ ለሽመክት ሰጡ፣ ወደ ሴቶቹ አዞሩ። እፀገነት ተራዋ ሲደርስ ሁለት እጇን ዘርግታ ጎንበስ አለች። ጽዋውን በእጆቿ ላይ አሳልፈው ከኋላዋ ለነበረችው ጎረቤት ሰጡ።

አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ሙሴ ናቸዋ! ቄስ ኃይለየሱስ እንኳ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው ዝም አሉ። እፀገነት የተዘረጉ እጆቿን ለአፍታ አየቻቸው፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወጣች። በሳምንቱ ሳቢያን ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ልብሷን ወሰደች።

መጀመሪያ ላይ አቶ ገብረወልድ ይቅርታ ልትጠይቅ ትመጣለች ብለው ጠበቁ። ሲቆይ ደግሞ ልክ ነበርኩ እያሉ ለራሳቸው ይከራከሩ ጀመር፤ ልክ የሆነ ሰው ለራሱ ይህን ያህል አይከራከርም። በበዓል ትደውላለች። «እንኳን አደረሰህ» ትላለች፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይላሉ፣ ያበቃል። የሚናገሩት ሁሉ የሚመጣላቸው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። በየወሩ ጽዋውን ሲያነሡ እጃቸው ይከብዳቸዋል፣ ማንም ግን አይጠይቃቸውም።

ዘንድሮ የዳግም ትንሣኤ ዕለት ቄስ ኃይለየሱስ ስለ ቶማስ ሰበኩ። ካልዳሰስኩ አላምንም ያለውን ደቀ መዝሙር ጌታ ጠርቶ ቁስሉን አስነካው እንጂ ከማኅበሩ አላስወጣውም አሉ። ቄሱ ወደየት እያዩ እንደተናገሩት እግዜር ይወቅ፣ አቶ ገብረወልድ ግን ሕዝቡ ሁሉ ወደ እርሳቸው የዞረ መሰላቸው። ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን ጥግ ያዟቸው።

«አባ፣ ያኔ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ልጅቷ አልካደችም ነበር ገብሬ» አሉ ቄሱ። «እንድትጨርስ ጊዜ አልሰጠናትም።»

አልሰጠናትም ብለው ጥፋቱን ስለተካፈሏቸው አቶ ገብረወልድ ይበልጥ አፈሩ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤት ያስጋገሩትን ድፎ ዳቦ ይዘው በሐረር መንገድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ወደ ሐርላ መገንጠያው ላይ ወርደው ባጃጅ ያዙ። መንገዱን ሁሉ የይቅርታ ንግግር ሲያጠኑ ነው የሄዱት። ቁፋሮው ጋ ሲደርሱ ዘበኛው አብዱላሂ ብድግ አለ።

«ወርያ ሽማግሌው፣ ማንን ፈልገህ ነው?»

«የእፀገነት አባት ነኝ።»

«የኢፀ አባት? ወላሂ ቁርጥ አንተን ነው የምትመስለው! አቦ ና፣ ጥላ ውስጥ ግባ። ዛሬ መቃብር ከፍተናል፣ ትንሽ ጠብቃት።»

ጉድጓዱ ውስጥ ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ቆመዋል። ከእግራቸው ሥር የአንድ ሰው አፅም በጎኑ ተኝቷል። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የሞተ ሙስሊም ነው። አብዱላሂ ወርዶ ተቀላቀላቸው፤ መዳፋቸውን ዘርግተው የቁርኣኑን ፋቲሃ ቀርተው ጸለዩለት። እፀገነት ከጫፍ ቆማ ባርኔጣዋን አወለቀች፣ እጆቿን ከፊቷ አጣምራ፣ አንገቷን ደፍታ እስኪጨርሱ ጠበቀች። አቶ ገብረወልድ ደስ አላቸው። ጨዋ አድርጌ ነው ያሳደግኳት አሉ በሆዳቸው።

ስታያቸው ከጉድጓዱ ወጥታ ሮጠች። ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ቀና አድርገው አቀፏት። ከስታለች፣ ፀሐዩም አጥቁሯታል። ግራሩ ሥር ተቀመጡ። በሚኒባስ የተጠናው ንግግር ድራሹ ጠፋ።

«ዳቦ ይዤልሽ መጣሁ» አሉ።

«አባዬ ሙት! እንዲህ በፀሐይ ተሸክመህ?»

ሊቆርሱ ብድግ ብለው «አባታችን ሆይ» ሲሉ እሷም ተነሣች። ባርኔጣዋን አወለቀች፣ እጆቿን አጣመረች፣ አንገቷን ደፋች። ከንፈሯ ግን አልተንቀሳቀሰም። ጸሎቱ መሐል ላይ ሲደርሱ ነው የገባቸው። ቅድም ለአብዱላሂ ጸሎት እንደቆመችው ነው የቆመችው፤ በክብር፣ በትዕግሥት፣ የሰው ቤት እንደገባ እንግዳ። ስልሳ ዓመት የደገሙት ጸሎት ጠፍቷቸው እንደምንም ዘለው ጨረሱት።

«አብረሽኝ አትይም?» አሉ።

«አይ፣ አባዬ።» ድምጿ ለስላሳ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቀስ በቀስ ነው። ቀኑን አላውቀውም።»

ወደ ጉድጓዱ አዩ። «ያገኘሽው ነገር አለ? ንገሪኝ፣ አልቆጣም።»

«ምንም። ያገኘሁት ሸክላና ዶቃ ነው። ሸክላ ማንንም አያስክድም።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

የቆረሱላትን ዳቦ በእጇ ይዛለች፤ አልበላችም። «ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ልጆቹ ሲከራከሩኝ መልስ አልነበረኝም» አለች። «አንተን አስብ ነበር። እማዬን ቀብሮ እንኳ ያልተናወጠ ሰው ነው፣ እሱ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው እል ነበር። ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም። ያን ቀን ጽዋውን ስጠብቅ ቀና ብዬ ፊትህን አየሁት። የተቆጣህ መስሎኝ ነበር። ፈርተህ ነበር አባዬ። በሽመክት ስልክ!»

አይደለም ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ነገር ለሃይማኖት መቅናት ሲሉት ኖረዋል። አሁን ግን ከልጃቸው ዓይን የሚሸሹበት አጡ። ሽመክት ቢገኝስ ሲል አንድ የቆየ ነገር ተቀስቅሶባቸው ነበር። ወለተ ጊዮርጊስ ላይ አፈር ሲመለስ የገባባቸው፣ ለነፍስ አባታቸው እንኳ ያልተናገሩት ጥርጣሬ ነው።

«እውነትሽን ነው» አሉ። «ፈራሁ። እርሱ ካልተነሣ እናትሽን ሁለተኛ አላያትም ብዬ ነው የፈራሁት። ከቀበርናት ቀን ጀምሮ ይኼ ፍርሃት አብሮኝ አለ። ላንቺ ግን እንዴት ብዬ ልንገርሽ? አባት ነኝ።»

እፀገነት ከንፈሯን ነከሰች። እንባዋ በአቧራማው ጉንጯ ላይ ወረደ።

«ምነው ያኔ ነግረኸኝ ቢሆን» አለች። «አብረን እንፈራ ነበር እኮ።»

«አሁንስ?» አሉ፣ እንደ ልመና አድርገው።

«አሁን ልዋሽልህ አልችልም፣ አባዬ።»

ከጉድጓዱ አብዱላሂ ተጣራ። «ኢፀ! ነይ አቦ፣ አፅሙን ፀሐይ እየመታው ነው!» ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች፣ አባቷን ግንባራቸው ላይ ሳመቻቸው፣ ባርኔጣዋን አድርጋ ወረደች። አቶ ገብረወልድ የቀረውን ዳቦ ለሠራተኞቹ ሰጥተው ወደ አስፋልቱ በእግራቸው ሄዱ። ሚኒባሱ ቆሞ ረዳቱ ድሬ፣ ድሬ እያለ ሲጣራ፣ እርሳቸው መንገዱ ዳር ተቀምጠው እያለቀሱ ነበር።